ድስት ተሸክመን ወደ ዘንገና

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ስሄድ እንጅባራ መናኸሪያ ወረድሁ። ሻንጣዬን ገና ከረዳቱ እጅ ሳልቀበል አንድ ሽታ ያዘኝ። ከአጥሩ ጥግ አንዲት ሴት የከሰል ምድጃ ላይ ትልቅ ድስት ጥዳ ድንች ከነልጣጩ ትቀቅላለች። ክዳኑን ስታነሣው እንፋሎቱ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ ከሰል ሽታ ጋር ተደባልቆ ፊቴን ሞላው። ሌላ ሰው ቢሆን የእናቱ ጓዳ ትዝ ይለው ነበር። እኔ ግን ትዝ ያለኝ የሳይንስ ፈተና ነው።

"በሰለ?" አልኋት።

"ኧረ ምን ይበስላል እቴ! የእኛ አገር ድንች እንደሆነ ልብ ያደርቃል" አለችኝ።

ለምን እንደሚዘገይ ልነግራት አፌን ከፈት አድርጌ ነበር። ወዲያው ቲቸር አዳሙ ትዝ አሉኝና መልሼ ዘጋሁት። እሳቸው ቢሆኑ አይነግሯትም። "ለምን ይመስልሻል?" ብለው ይጠይቋትና መልሷን እስክታመጣ ድረስ አጠገቧ ይቆሙ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ቲቸር አዳሙ የሳይንስ መምህራችንም፣ የቤታችን ተከራይም ነበሩ። ባለቤታቸው ዳንግላ የራሳቸውን ቤት ይዘው ስለሚኖሩ ቅዳሜና እሑድ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ሌላውን ቀን እኛ ግቢ ባለችው አንድ ክፍል ያሳልፋሉ። በእሳቸው ክፍልና በእኛ መኝታ መካከል ያለው ግድግዳ በቀርከሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ስለሆነ ሳል ሳይቀር ያሳልፋል። በየማለዳው የዕለቱን ማስታወሻ ጮክ ብለው ይለማመዳሉ። "ውሃ በባሕር ጠለል በመቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ አራት ነጥብ። ወደ ታች ውረዱ።" ታናሽ ወንድሜ አፉን የፈታው "አራት ነጥብ" ብሎ ነው እያለች እናቴ ትቀልድ ነበር።

እሳቸው ያስተማሩት ሰው ከተማውን ሞልቶታል። ባጃጅ ነጂውም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ፖሊሱም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ከሰላምታው በፊት ከማስታወሻቸው አንድ መስመር ይወርድላቸዋል። እሳቸውም ቆም ብለው ያዳምጡና "ነጠላ ሰረዝ ዘለልህ" ይሉታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ነበር ያስተማሩት። እሳቸው ያስጽፋሉ፣ እኛ እንጽፋለን፣ ፈተና ሲደርስ የጻፍነውን እንመልስላቸዋለን።

የዚያን ዓመት ግን ከላይ አዲስ ትእዛዝ መጣ። ሳይንስ ከእንግዲህ በማስጻፍ ብቻ አይሰጥም ተባለ። ተማሪው ራሱ ማየት፣ መለካት፣ መገመት፣ መሞከር፣ ካየው ተነሥቶም መደምደም አለበት። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ መዛኝ መጥቶ ተማሪውን በተግባር ይፈትናል።

እኔ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሰማሁት በግድግዳው በኩል ነው። እናቴ የታጠበ ልብሳቸውን ልትሰጣቸው ገብታ ነበር።

"ልጆቹ ከወደቁ ሳይንሱን ለወጣቱ መምህር ይሰጡታል" አሏት። "ለእኔ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ተዘጋጅቷል።"

"ታዲያ ምን ክፋት አለው መምህር? ጡረታዎ እስኪደርስ ያርፉ የለም እንዴ?"

"እታገኝ፣ እኔ እኮ ማረፍ አልፈልግም። ገና አሁን ነው መጀመሬ።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝሁት ቁልፍ የሚለውን ቃል ብቻ ነው። የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት አውቀዋለሁ። መስኮቱ በሚስማር የተመታ፣ አይጥ የሚሮጥበት፣ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት ጨለማ ክፍል ነው። ቲቸር አዳሙን እዚያ ሊቆልፉባቸው መሰለኝ። ትራሴን ነክሼ አለቀስሁ። በማግሥቱም ለክፍሉ ልጆች በሙሉ፣ ትንሽ ጨምሬበት፣ ነገርኋቸው።

ያ ዓመት የጣሳና የቀርከሃ ዓመት ሆነ። መጽሐፉ የሚያዘው ዕቃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበረም። መመሪያው ደግሞ "የሌለውን በአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ ተኩ" ይላል። ቲቸር አዳሙ ይህን ቃል እንደ ዳዊት ደገሙት። ሚዛን ከቀርከሃና ከድልህ ጣሳ ሠራን። የመሬት ሉል አሮጌ ኳስ ሆነ። ፀሐይ ዱባ፣ ፕላኔቶቹም ድንች ነበሩ። የክፍላችን አፈ ጮሌ ደሴ ማርስን በእረፍት ሰዓት አብስሎ በላትና አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ማርስ ተማርን።

አንድ ጠዋት ደግሞ በየወንበሩ አንድ አንድ ድንች አስቀመጡና "ያያችሁትን ጻፉ" አሉን። ይህ ምን ይከብዳል ብለን ጻፍን። እኔ "ድንች ኃይል ከሚሰጡ ምግቦች ይመደባል" አልሁ። ደሴ "ድንች የገበሬያችን የጀርባ አጥንት ነው" ብሎ ጻፈ። ቲቸር እያነበቡ ፊታቸው ጠቆረ። "የማን ድንች ላይ ነው ይህ የተጻፈው? አጥንቱ የታለ? አሳየኝ!" አሉት። ደሴ ድንቹን አገላብጦ ካየ በኋላ "የእኔኛው የለውም ቲቸር" አለ።

በመጨረሻ የወንበር ጓደኛዬ የባንቺ ወረቀት ደረሰ። ባንቺአምላክ ከጥርባ በኩል በእግሯ እየመጣች የምትማር ልጅ ናት። ቤቷ አገውኛ ስለሚነገር አማርኛውን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ቃል የምታወጣው ደግሞ እንደ ጨው እየቆነጠረች ነው። እንዲህ ጽፋ ነበር፦ "ጭቃ አለው። ብዙ ዓይን አለው። አንዱ ዓይኑ በቅሏል። ከእጄ ይቀዘቅዛል።"

ቲቸር አዳሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ድንቹን ያየችው ባንቺ ብቻ ናት" አሉ። "ሌሎቻችሁ ያያችሁት የእኔን ማስታወሻ ነው።" የተናደዱብን መስሎኝ ነበር። ማታ በግድግዳው በኩል ስሰማቸው ግን ለብቻቸው "አጥንቱ የታለ" እያሉ ይስቁ ነበር።

ቴርሞሜትሩ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። አጎራባች ትምህርት ቤቶች ዕቃ ከሚዋዋሱበት ቦታ ተውሰውት በካልሲ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው አመጡት። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ቀይ መስመር ሳይ ደም መሰለኝ። ደሴን "የማን ደም ነው?" ብዬ በሹክሹክታ ብጠይቀው፣ "የነርሶች ነው፤ በየዓመቱ ይሰጣሉ" አለኝ። ለብዙ ጊዜ ነርስ ባየሁ ቁጥር አዝንላት ነበር።

የእናቴን ብረት ድስት ከቤት ይዤ ሄጄ ምድጃው ላይ ጣድነው። ደሴ በደብተሩ ጀርባ ከሰሉን ያርገበግባል። ውሃው መጀመሪያ ዘመረ፣ ቀጥሎ ከሥር ትናንሽ ኳሶች መላክ ጀመረ፣ በመጨረሻ ተንተከተከ። አንድ በአንድ እየወጣን ቀዩ መስመር የቆመበትን አንብበን እንድንጽፍ ታዘዝን። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዘጠና ሁለት ላይ ቆሟል። ጠበቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ተመልሼ ቁጭ አልሁና "መቶ" ብዬ ጻፍሁ።

ሁሉም እንዲሁ ነው የጻፈው። ደግሞ ማታለል አልነበረም። ውሃ በመቶ እንደሚፈላ አስጽፈውናላ! መስመሩ ደክሞት መንገድ ላይ ቢቀር መድረሻው የት እንደሆነ እናውቃለን። ዘጠና ሁለት ብላ የጻፈችው ባንቺ ብቻ ነበረች። ቲቸር አዳሙ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉባት። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፤ እጃቸው ከዓይናቸው ቀደመ። ባንቺ ወረቀቱን አጣጥፋ አጣጥፋ ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከተተችው። እሳቸውም ቴርሞሜትሩን በጥፍራቸው ነካ ነካ አድርገው "ተበላሽቷል" አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በረዶ ጣለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ጎመን በድንች በሳህን ይዤ እንድገባላቸው ላከችኝ። ቲቸር አዳሙ ትንሿ ምድጃቸው አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። አንድ ጣሳ ውስጥ ከግቢው የለቀሙት በረዶ አለ፤ ሌላ ጣሳ ውስጥ ውሃ ይፈላል።

"የሺ፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው፤ ነይ አንብቢልኝ" አሉኝ። በመጀመሪያ በረዶው ውስጥ ነከሩት፤ ዜሮ ላይ ቆመ። "አየሽ፣ ደህና ነው፤ አልተበላሸም" አሉ። ቀጥሎ ወደ ፈላው ውሃ አዛወሩት።

"መቶ" አልሁ።

"መጽሐፉን እርሺውና አንብቢ።"

"ዘጠና ሁለት።"

ሳህኑን ከእጄ ሳይቀበሉ መጽሐፋቸውን አንሥተው ያንን ጠዋት ጠዋት የሚሉትን ዓረፍተ ነገር አነበቡ። እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብለው አልነበረም። "በባሕር ጠለል" የሚለው ላይ ሲደርሱ አቆሙ፤ ደግመው አነበቡት። "ይህን ቃል ስንት ዘመን ሳስጽፍ ኖርሁ" አሉ፤ "አንድ ቀን ግን አልሰማሁትም።" ድምፃቸው እንደ ታመመ ሰው ነበር። እኔ ጎመኑ እየቀዘቀዘ መሆኑን ብቻ ነገርኋቸው።

በማግሥቱ ክፍል እንደገቡ ባንቺን ጠሯትና ወረቀቷን ለመኗት። ለመኗት ስል ተሳስቼ አይደለም፤ "እባክሽ ስጪኝ" ነው ያሏት። ከእጅጌዋ አወጣችው። ቀዩ ኤክስ ስለማይጠፋ አጠገቡ ትልቅ ራይት አደረጉና ወረቀቱን ለክፍሉ አሳዩ። "የተሳሳተችው ባንቺ አይደለችም፤ እኔ ነኝ" አሉ። መምህር እንዲህ ሲል በሕይወታችን ሰምተን አናውቅም። ባንቺ ወረቀቱን ተቀብላ እንደገና አጣጥፋ እጅጌዋ ውስጥ መለሰችውና ተቀመጠች።

ከዚያ ጥያቄውን ወደ እኛ ወረወሩት። "መጽሐፉ በባሕር ጠለል ነው የሚለው። እንዴት አድርገን እናረጋግጥ?"

ባሕር የሚባለውን ማናችንም አይተነው አናውቅም። ደሴ ግን ብድግ አለ። "ቲቸር፣ ባሕር የለንም። የሌለውን ደግሞ በአካባቢ በሚገኝ ነው የምንተካው። ዘንገናን እንተካው!"

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ለእኛ ይህ ጥበብ ነበር። ዱባ ፀሐይ ከሆነ፣ ኳስ መሬት ከሆነ፣ ዘንገና ሐይቅ እንዴት ባሕር አይሆንም? ቲቸር አዳሙ ሪዛቸውን ጎተት አደረጉ። እንደማይሆን ያውቁ ነበር፤ አፋቸው ላይ የደረሰውን መልስ ሲውጡት አየሁ። "ገመትህ ደሴ" አሉ። "ግምት ደግሞ ይሞከራል።"

በዚያ ሳምንት ወደ ዳንግላ አልሄዱም። ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ ድስት፣ ምድጃ፣ ከሰልና ድንች ተሸክመን ወደ ዘንገና ተጓዝን። መንገድ ላይ በፈረስ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ልጓማቸውን ሳብ አድርገው "ምነው መምህር፣ ድግስ ነው?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ "ውሃ ልናፈላ ነው" አሉ። ሽማግሌው "እንጅባራ ውሃ ጠፋ?" ብለው ፈረሳቸውን ኮልኮል አድርገው ሄዱ።

ዘንገና እንደ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ዛፍ መካከል ተቀምጧል። ውሃው ዝም ያለ ነው፤ ድምፃችን ራሱ እዚያ ሲደርስ ዝቅ አለ። ደሴ ምድጃውን የውሃው ከንፈር ላይ ካልተከልሁ አለ፤ ጠለሉን እንዳንስት ፈርቶ ነው። በመጀመሪያ ከቤት ያመጣነውን ውሃ አፈላን። ሁላችንም ከበን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ቀዩ መስመር ወጣ፣ ወጣ፣ ዘጠና ሁለት ላይ ሲደርስ ቆመ። ደሴ "ውሃው ነው ችግሩ፣ የራሱን የዘንገናን እንሞክር!" አለ። ቲቸርም "ጥሩ፤ ውሃውን ብቻ ቀይር፣ ሌላ ምንም አትንካ" አሉት። ቀየረ። ዘጠና ሁለት። ደሴ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

በዚያው ውሃ ድንቹን ቀቅለን በልተን ስንመለስ ነው ባንቺ ከኋላዬ የተናገረችው። "ዘንገናም እኮ ተራራ ላይ ነው" አለች። ቲቸር አዳሙ ቆሙ። "ታች ብንወርድስ?" ብላ ጨመረች። ከዚያ በላይ ቃል አልነበራትም። እሳቸው ግን ፀሐይ የወጣችላቸው ያህል ፊታቸው በራ።

ታች ማለት ለእኛ ቻግኒ ነው። እናቴ በቻግኒ ገበያ ድንች ሸጣ በቆሎ ይዛ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ገበያ ቴርሞሜትሩ በካልሲው እንደተጠቀለለ አንገቴ ላይ ታሰረና አብሬያት ወረድሁ። አውቶቡሱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ጋቢዬን፣ ከዚያ ሹራቤን አወለቅሁ። ቻግኒ ስንደርስ እናቴ አንዲት ሻይ ሻጭ አስፈቀደችልኝ። ሴትዮዋ "የታመመ ሰው አለ እንዴ?" ብላ ጀበናዋን ከለከለችኝ፤ ሻይ የምታፈላበትን ድስት ግን ፈቀደችልኝ። ቀዩ መስመር ወጣ። ዘጠና ሁለትን አለፈ! ዘጠና አምስት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ጮኬ ኖሮ ሻዩን የሚጠጣው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ማታውኑ ስንመለስ ቲቸር አዳሙ ግቢ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። እናቴን "እንዴት ዋላችሁ" ሳይሉ "ስንት?" አሉኝ። እሳቸውን የሚያክል ሰው ሰላምታ ሲዘል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ነገርኋቸው። የቻግኒ ውሃ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ስለሚውል ይሆናል ብዬም የራሴን ጥበብ አከልሁበት። አልሳቁብኝም። በማግሥቱ ግን እየጠየቁ፣ እየጠየቁ እኛው ራሳችን እንድንደርስበት አደረጉ። እኛ ከፍ ብለን ስለምንኖር ከላያችን ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ የሚጫነው ሲቀንስ ውሃው መቶ ሳይሞላ ይፈላል። የእናቴ ድንች ቶሎ የማይበስለውም ለዚህ ነበር። እናቴ ይህን ስነግራት "እሰይ፣ እኔ ሙያ የሌለኝ መስሎኝ ነበር" አለች።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ሰኔ እስኪመጣ ድረስ። ከፈተናው በፊት ደሴ እየሮጠ መጣ። ሌላ ትምህርት ቤት የሚማር የአጎቱ ልጅ ተፈትኖ ነበር። "ጥያቄው የውሃ ማፍላት ነው" አለን። "መዛኙ የያዘው መልስ መቶ ነው። የአጎቴ ልጅ ክፍል ዘጠና ሁለት ጽፈው በሙሉ ወደቁ!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቁልፉን የነገርኋቸው እኔ ነኛ። የቤተ መጻሕፍቱን ጓጉንቸር በዚያ ሰሞን ያላየ ልጅ አልነበረም፤ እረፍት በወጣን ቁጥር ሄደን እናየው ነበር። ደሴ ከቀርከሃው አጥር ሥር ሰበሰበንና "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለ። "ሁላችንም መቶ እንጽፋለን። ቲቸር አይቆለፍባቸውም።" አንድ በአንድ ማልን። እኔም ማልሁ፤ አሁንም ቢሆን አላፍርበትም። ሰው ከሚቆለፍበት መቶ ብሎ መጻፍ ምን አላት?

ባንቺ ብቻ አልማለችም። ደሴ "አንቺ አትወጃቸውም ማለት ነው?" ብሎ አፈጠጠባት። እጇን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። ያቺ ወረቀት እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያው ነበረች።

"ራይት አድርገውልኛል" አለች። "አልችልም።"

የፈተናው ዕለት መዛኙ መጣ። ኮቱ አዲስ፣ ጫማው በጭቃ የጠፋበት፣ ትሑት ወጣት ነበር። በሕጉ መሠረት ቲቸር አዳሙ ከክፍል ውጭ እንዲጠብቁ ተደረገ። ድስቱ ተጣደ፣ ውሃው ፈላ፣ አንድ በአንድ ወጣን። ወጣቱ እንዳንኮራረጅ እኛን በዓይኑ ይከተላል፤ ቴርሞሜትሩን ግን አንድም ጊዜ ጎንበስ ብሎ አላየውም። መልሱ እጁ ላይ ነበራ።

ወረቀታችንን እዚያው አረመና ቲቸርን አስጠራቸው። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። "እንኳን ደስ አለዎት መምህር! እስካሁን እንዲህ ያለ ክፍል አልገጠመኝም። አንዲት ልጅ ብቻ ናት የሳተችው፤ ሌሎቹ በሙሉ መቶ ብለዋል።"

እኛ ፈገግ ብለን ቲቸርን አየናቸው። እሳቸው ግን ፈገግ አላሉም። ዓይናቸው በየወንበሩ ሄደ፤ ደሴ ላይ ቆየ፣ እኔ ላይ ቆየ። አንገቴን ደፋሁ።

"እስኪ ወዲህ ና ልጄ" አሉት መዛኙን። እጁን ይዘው ምድጃው አጠገብ ወሰዱት። "አንብበው።"

ወጣቱ ጎንበስ አለ። ቆየ። በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። "ተበላሽቷል መሰለኝ" አለ።

"እኔም እንደዚሁ ብዬ ነበር" አሉት፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። "የሺ፣ ቻግኒ ስንት ነበር?"

ተነሥቼ ተናገርሁ። ዘንገናን ደሴ ተናገረ። ወጣቱ እንደገና ጎንበስ ብሎ አነበበና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ብልህ ልጅ ነበር፤ ወዲያው ገባው። የገባው ግን ሁሉም ነገር ነው።

"መምህር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እኛ ግን ሰማን። "መልሱን ካረምሁት ክፍሉ በሙሉ ይወድቃል። እርስዎም ሳይንሱን ያጣሉ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዲሁ ብተወውስ? እኔ ምንም አላየሁም።"

ቲቸር አዳሙ ባንቺ አጠገብ መጥተው ትከሻዋ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። "እነዚህ ሁሉ ወደዱኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። "የተማረችልኝ ግን ይቺ ናት። እሷን ስተሻል ብዬ ሁለተኛ ኤክስ አላስደርግባትም።"

ደሴ ያኔ ፈነዳ። "ቲቸር፣ እንዳይቆልፉብዎት ብለን ነው!"

"ማን ነው የሚቆልፍብኝ?"

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እያለቀስሁ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጓጉንቸሩ፣ ስለ አይጡ ተናዘዝሁ። ቲቸር አዳሙ መሳቅ ጀመሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁም መጥረጋቸውን አላቆሙም። ወጣቱ ብዕሩን አወጣና መቶውን ሰርዞ ዘጠና ሁለት ጻፈ። እጁ ሲከብደው ይታይ ነበር።

እንደ ፈሩት ሆነ። ክረምቱ ሳይገባ ሳይንሱ ለትምህርት ቤቱ ወጣት መምህር ተሰጠ። ቲቸር አዳሙም ቁልፉን ተረክበው መጡና ግቢ ውስጥ ጠሩኝ። "አየሽ የሺ፣ ያለው በእኔ እጅ ነው። የምቆልፈውም የምከፍተውም እኔ ነኝ" ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከባድና ቀዝቃዛ ነበር። የዚያን ክረምት ግን ጠዋት ጠዋት በግድግዳው በኩል ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ወንድሜ እንኳ ግድግዳውን እየደበደበ "አራት ነጥብ!" ይል ነበር፤ የሚመልስለት አልነበረም። ከዚያ ዝምታ የበለጠ ያዘንሁበት ነገር በልጅነቴ የለም።

መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ገባን። ክፍላችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ቲቸር አዳሙ መጻሕፍት ሲያነሡና ሲጥሉ ይሰማናል። መስኮቱን ሚስማሩን ነቅለው ከፍተውት ነበር። አዲሱ መምህር ትጉህና ሰው የማይጎዳ ነበር፤ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ በሚያምር ጽሕፈት "ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል" ብሎ ጻፈና "ጻፉ" አለን።

ማንም እስክሪብቶ አላነሣም። ባንቺ እጇን አወጣች። ገና አፏን ሳትከፍት ግን ከኋላ ወንበር ደሴ፣ ከመካከል እኔ፣ ከየጥጉ ሁሉም፣ ሳንማከር፣ ሳንማማል፣ በአንድ ድምፅ ጠየቅን።

"የት ሆኖ?"

መምህሩ ደንግጦ ዞረ። ከግድግዳው ማዶ የመጻሕፍቱ ድምፅ ቆመ፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሰም።

ያን ቀን ማታ ቲቸር አዳሙ ግቢያችን ውስጥ እግራቸውን እየታጠቡ ያንጎራጉሩ ነበር። እናቴ ፎጣ ይዛላቸው ወጣች።

"ምነው መምህር፣ ዛሬስ ፊትዎ ፈክቷል?"

"ውጤቴ መጣ እታገኝ።"

"የምን ውጤት?"

"የሰኔው ፈተና ነዋ።"

እናቴ ግራ ገባት። "ታዲያ ስንት አመጡ?" አለቻቸው።

ፎጣውን ተቀበሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው ሳቁና፣

"መቶ" አሉ።